ከዲኤምቪ ተነስቶ በመኪናም በመርከብም፦ ከየትኛው ወደብ ብንሳፈር ይሻላል?

ይሄን የምጽፈው ሜሪላንድ፣ ዲሲ ወይ ቨርጂኒያ ለምትኖሩና ዘንድሮ ሰመር ላይ ልጆቹን ጭናችሁ በመኪና ወርዳችሁ ከዛ ክሩዝ ላይ ለመውጣት ላሰባችሁ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የመርከቡን ዋጋ ነው፣ እኛም እንደዛ ነው ያደረግነው፣ ግን እስካሁን ሶስቴ ሄደን የገባኝ ነገር ቢኖር ቀድሞ መመረጥ ያለበት መርከቡ ሳይሆን ወደቡ ነው። መኪና ውስጥ ስንት ሰአት እንደምትቀመጡ፣ መንገድ ላይ ልጆቹ ምን እንደሚያዩ፣ መርከቡ ስንት ቀን የትም ሳይቆም እንደሚሄድ፣ መርከቡ ራሱ አዲስና ትልቅ ይሁን ወይ ትንሽና የቆየ፣ ይሄን ሁሉ የሚወስነው የምትነሱበት ወደብ ነው። ዋጋው ከዛ በኋላ ይመጣል።

የኛን ቤት ልንገራችሁና ከናንተ ጋር አስተያዩት። እኔና ባለቤቴ፣ የ12፣ የ9 እና የ3 አመት ልጆች፣ እና እናቴ። እናቴ 71 አመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጾም አታፈርስም፣ ያላት ግሪን ካርድ ነው። አንዴ ከባልቲሞር ሄድን፣ ሁለቴ ደግሞ ፍሎሪዳ ድረስ ነድተን ከፖርት ካናቬራል። ትንሽ ልጅ የሌላችሁ ወይ አያት የማትይዙ ከሆነ ምርጫችሁ ከኛ ሊለይ ይችላል፣ የት ላይ እንደሚለይ እየነገርኳችሁ እሄዳለሁ።

ባልቲሞር

ከሲልቨር ስፕሪንግ 45 ደቂቃ ነው፣ ከአሌክሳንድሪያም ቢሆን ትራፊክ ከሌለ አንድ ሰአት ምናምን። ሻንጣ ጭኖ፣ ቁርስ በልቶ፣ እኩለ ቀን ላይ መርከብ ላይ መሆን ይቻላል። መኪና ውስጥ ረጅም ሰአት መቀመጥ የማይችል ሽማግሌ ወይ አሮጊት ካላችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይሄንን ምረጡ፣ አንዷ ጓደኛዬ አባቷን ከወገብ ኦፕሬሽን በኋላ የወሰደችው ከዚህ ነው፣ ደስ ብሏቸው ነው የተመለሱት።

ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛው መርከቡ ነው። ከባልቲሞር የሚወጣ መርከብ ሁሉ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው ባህረ ሰላጤ ላይ ባለው ቤይ ብሪጅ ስር ማለፍ አለበት፣ የድልድዩ ከፍታ ደግሞ ከውሃው 186 ጫማ ነው፣ ስለዚህ ልጆቹ ዩቲዩብ ላይ የሚያዩዋቸው ግዙፎቹ መርከቦች እዚ መግባት አይችሉም። ከዚ ወደብ ሲነሳ የኖረው ቪዥን ኦፍ ዘ ሲስ ለምሳሌ በ1998 ስራ የጀመረ፣ 2,000 ሰው አካባቢ የሚይዝ መርከብ ነው። ለትልቅ ሰው ይሄ ጥሩም ሊሆን ይችላል፣ ሰው አይበዛም፣ እናቴም ካቢኗን በሁለተኛው ቀን ብቻዋን ታገኘው ነበር። የ12 አመቷ ልጄ ግን በሶስተኛው ቀን ሁሉንም አይታ ጨረሰችው።

ሁለተኛው ባህሩ ነው። ቤዩን ጨርሶ ወደ ውቅያኖስ ለመውጣት ብቻ ሌሊቱ ያልቃል፣ ከዛ ባሃማስ ለመድረስ ወደ ሁለት ቀን፣ ለመመለስም እንደዛው፣ ስለዚህ ከ7 ሌሊት ውስጥ ግማሹ ባህር ላይ ነው የሚያልፈው። እኛ በኤፕሪል የትምህርት እረፍት ነበር የሄድነው፣ መጀመሪያው ቀን ንፋሱ ከመርከቡ ጣሪያ ላይ ሰው የሚያስቆም አልነበረም፣ ገንዳው ባዶ፣ ልጆቹ ጃኬት ለብሰው ቆመው ውሃውን ያዩታል። ኖርዝ ካሮላይና ፊት ለፊት ኬፕ ሃተራስ የሚባለው ጋ ስንደርስ ደግሞ ማዕበሉ ተነሳ፣ ከድሮ ጀምሮ ብዙ መርከብ የሰመጠበት ቦታ ነው፣ ባህረኞች የአትላንቲክ መቃብር ነው የሚሉት። እናቴ አንድ ሙሉ ቀን ከአልጋዋ አልተነሳችም። ከዚ የምትነሱ ከሆነ ከጁን በኋላ ይሁን፣ ካቢናችሁ ከመርከቡ መሃል አካባቢና ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ይሁን፣ የማቅለሽለሽ መድሃኒቱን ደግሞ መርከቡ መወዛወዝ ሳይጀምር ነው መዋጥ ያለባችሁ፣ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም።

በነገራችን ላይ ስትወጡ የምታልፉት ማርች 26 ቀን 2024 የወደቀው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ስድስት ሰራተኞች ናቸው እዛ የሞቱት፣ ሌሊት መንገድ ሲጠግኑ የነበሩ ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች። ለትልቋ ልጄ ይሄን ነግሬያታለሁ፣ ማወቅ ያለባት ይመስለኛል።

ኖርፎክና ኒው ጀርሲ

ኖርፎክ ከዲሲ 195 ማይል አካባቢ ነው፣ ሶስት ሰአት ተኩል ብላችሁ ያዙት። ለኔ ይሄ በጣም የሚገርም ነገር ግን ማንም የማያስበው አማራጭ ነው፣ ምክንያቱም ትንሽ ሮድ ትሪፕ ይኖረዋል፣ ግን ማንንም አያደክምም። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ከወጣችሁ ዊልያምስበርግና ጄምስታውን መንገዳችሁ ላይ ናቸው፣ ሃምፕተን ላይ ደግሞ ፎርት ሞንሮ አለ፣ በ1619 የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ወደ እንግሊዞች ቨርጂኒያ በመርከብ የገቡበት ፖይንት ኮምፈርት የሚባለው ቦታ እሱ ነው። ጥቁር ልጆች እዚ አገር እያሳደግን ነው፣ ከመዝናናቱ በፊት አንድ ሰአት እዛ ባህር ዳር መቆም አይበዛም። ከወደቡ አጠገብ ዊስኮንሲን የምትባለው የጦር መርከብ ቆማለች፣ ወንዱ ልጅ ክሩዙን ትቶ እሷን ልይ ሊል ይችላል። ችግሩ ሃምፕተን ሮድስ ድልድይና ዋሻው ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ሰመር ላይ እዛ ጋ መቆም የግድ ነው፣ ስለዚህ መርከቡ የሚነሳበት ቀን ጠዋት ከዲሲ እንነሳለን ብላችሁ እንዳትሞክሩ።

ኒው ጀርሲ ባዮን ያለው ኬፕ ሊበርቲ አራት ሰአት ነው። ሲነሳ ከመርከቡ ላይ ማንሃተንንና የነፃነት ሃውልቱን ማየትና ቬራዛኖ ድልድይ ስር ማለፉ ደስ ይላል፣ ትልልቅ መርከብም አለው። ግን መንገዱ መንገድ ብቻ ነው፣ ቶል እየከፈሉ መሄድ። ኒው ዮርክ ዘመድ ያለው ሰው እግረ መንገዱን ጠይቆ ይሂድበት፣ ከዛ ውጪ እኔ አልመርጠውም።

ፖርት ካናቬራል፣ የኔ ምርጫ

ከዲሲ ወደ 850 ማይል ነው፣ ሳይቆሙ 13 ሰአት። ይሄን ሲሰሙ ብዙዎች ይደነግጣሉ፣ ልክ ናቸውም፣ በአንድ ጊዜ ለመንዳት ካሰቡት። እኛ መጀመሪያ ጊዜ እንደዛ አድርገን ነው የተበላሸብን፣ ሆቴል አንከፍልም ብለን ማታ 2 ሰአት ላይ ተነስተን ሌሊቱን ሙሉ እየተቀያየርን ነዳን፣ ጆርጂያ ስንደርስ ባለቤቴ አይኑ እየተከደነ ነዳጅ ማደያ ጥግ አቁመን ሁለት ሰአት ተኛን፣ ወደቡ ጋ የደረስነው የመግቢያው ሰአት ሊዘጋ ሲል ነው፣ እንደገባን ሁላችንም ተኛን፣ የመጀመሪያው ቀን እንደዛ አለፈ። ያተረፍነው 150 ዶላር ነው። መርከብ ደግሞ እንደ አውቶብስ ቆሞ አይጠብቅም፣ ከመነሻው ሰአት አንድ ሰአት ምናምን ቀድሞ መግቢያው ይዘጋል፣ አበቃ። ስለዚህ የትኛውንም ወደብ ምረጡ፣ ከአንድ ቀን በፊት ከተማው ገብታችሁ እደሩ።

ሁለተኛው ጊዜ ነው በደንብ ያደረግነው። የአራት ሌሊቱ መርከብ ብዙ ጊዜ ሰኞ ተነስቶ አርብ ጠዋት ይመለሳል። ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰአት ላይ ልጆቹን በፒጃማቸው ተሸክመን መኪና ውስጥ አስገባን፣ ለምን በዛ ሰአት ካላችሁ ከዉድብሪጅ እስከ ፍሬድሪክስበርግ ያለው የ95 አውራ ጎዳና ትራፊክ ሰመር ቅዳሜ ጠዋት ከነጋ በኋላ የሚቻል ስላልሆነ ነው። መኪና ውስጥ ሶስትና ከዛ በላይ ሰው ካላችሁ ኢዚፓስ ፍሌክስ የሚባለውን የቶል መክፈያ አውጡ፣ ኤክስፕረስ ሌኑ በነፃ ነው፣ መስመሩ ግን በሰአት አቅጣጫ ስለሚቀያየር ቀድማችሁ እዩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ በሰአት ከ85 ማይል በላይ መንዳት ቲኬት ብቻ አይደለም፣ ሬክለስ ድራይቪንግ ተብሎ ፍርድ ቤት የሚያስቆም ወንጀል ነው፣ ወረቀታቸው ላላለቀላቸው ደግሞ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ክሩዝ ኮንትሮሉን አስሩትና ተዝናኑ።

ፀሀይ ስትወጣ ሪችመንድን አልፈናል። ኖርዝ ካሮላይና ሬስት ኤሪያ ላይ አቆምን፣ እናቴ ቤት በጀበና አፍልታ ፔርሙዝ ውስጥ የገለበጠችውን ቡና አወጣች፣ ስኒዎቹን በፎጣ ጠቅልላቸው ነበር፣ አንድ በአንድ እየፈታች እንጨት ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፣ ድፎ ዳቦው ተቆረሰ፣ ትንሹ ልጅ ሳሩ ላይ ይሮጣል። አጠገባችን ያቆሙ ጥቁር ሽማግሌና ባለቤታቸው ሽታው ስቧቸው መጡና አንድ አንድ ስኒ ጠጡ፣ እሳቸው ከባልቲሞር ወደ ሳውዝ ካሮላይና የትውልድ አገራቸው እየሄዱ ነበር፣ እናቴ እንግሊዝኛ ብዙም አትችልም ግን ሁለተኛ ሳትቀዳላቸው አላስነሳቻቸውም። ልጆቼ ስለዛ ጉዞ ሲያወሩ ከመርከቡ እኩል የሚያነሱት ይሄንን ነው።

ከዛ የሁለቱ ካሮላይናዎች ድንበር ላይ ሳውዝ ኦፍ ዘ ቦርደር የሚባለው አለ፣ ከብዙ ማይል በፊት ጀምሮ ቢልቦርዱ ልጆቹን ስለሚያስጮሃቸው አለማቆም አይቻልም፣ ሃያ ደቂቃ በቂው ነው። ሳውዝ ካሮላይና ፍሎረንስ ጋ ደግሞ ባኪስ (Buc-ee's) የሚባለው አለ፣ ነዳጅ ማደያ ነው ሲባል አትናቁት፣ ሽንት ቤቱ ንፁህና ብዙ ስለሆነ ሶስት ልጅ ይዞ ለሚሄድ ትልቅ ነገር ነው።

ሳቫና ከዲሲ 580 ማይል አካባቢ ነው፣ ቀኑን እየተንሸራሸርን ከሰአት በኋላ 11 ሰአት ላይ ገባን። በ1733 የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ድሮ ሲነድፏት የተዋቸው ትንንሽ አደባባዮች እስካሁን 22 አሉ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ በእግር ትሄዳላችሁ፣ እያንዳንዱ ላይ አግዳሚ ወንበርና ጥላ አለ፣ ለእናቴ ጉልበት እንደዚ የሚመች ከተማ አላየሁም። ዛፎቹ ላይ ግራጫ ነገር እንደ ፀጉር ተንጠልጥሏል፣ ልጆቹ ምንድነው ሲሉ እናቴ ቀና ብላ አየችና «ይሄማ እኛ አገር ደብር ውስጥ ጽዱ ላይ የሚንጠለጠለው ሽበት ነው» አለች፣ ከዛ በኋላ እያንዳንዱ አደባባይ ላይ እየቆመች ታየው ነበር። እሁድ ጠዋት እዛው ዞር ዞር ብለን ሁለት ሰአት ተኩል ነድተን ሴንት ኦገስቲን ምሳ።

ሴንት ኦገስቲንን ዝም ብላችሁ እንዳታልፏት። ስፔኖች በ1565 የቆረቆሯት ናት፣ በ1672 የተጀመረው ምሽጋቸው ካስቲዮ ደ ሳን ማርኮስ አሁንም ቆሟል፣ ድንጋዩ ከባህር ዛጎል የተጣበቀ ነው፣ በእጃችሁ ስትነኩት ዛጎሎቹ ይታወቃሉ፣ የመድፍ ጥይት ሲመታው ከመሰንጠቅ ይልቅ ውጦ ያስቀረው ነበር ይባላል። ከሱ ትንሽ ወጣ ብሎ ፎርት ሞሴ አለ፣ ከእንግሊዞቹ ካሮላይና ያመለጡ ባሪያዎች በ1738 ነፃ ሆነው የሰፈሩበት። እኛ በኤሲ የመጣነውን መንገድ እነሱ ረግረጉን በእግራቸው አቋርጠው ነው የመጡት፣ የ9 አመቱ ልጄ ካርታው ላይ በጣቱ ሲለካው ቆየ።

እሁድ ማታ ኮኮዋ ቢች አደርን። አንድ ቀን መጨመር ለምትችሉ ኬኔዲ ስፔስ ሴንተር እዛው ነው፣ ለአዋቂ ከ70 ዶላር በላይ ስለሆነ ለስድስት ሰው ይከብዳል፣ ግን ልጃችሁ ሳይንስ የሚወድ ከሆነ ያለችውን ገንዘብ ከመርከቡ ተጨማሪዎች ቀንሳችሁ እዚ አውሏት፣ ሳተርን 5 ሮኬቱ 363 ጫማ ርዝመት አለው፣ ጣሪያው ስር ተጋድሞ ከስሩ ትሄዳላችሁ።

መርከቡን በተመለከተ፣ እዚ ወደብ ላይ ድልድይ የሚያግደው ነገር ስለሌለ አዳዲሶቹና ግዙፎቹ የሚነሱት ከዚ ነው። ማርዲ ግራ ጣሪያው ላይ ሮለር ኮስተር ያለው ነው፣ ዩቶፒያ ኦፍ ዘ ሲስ ከ2024 ጀምሮ የሶስትና የአራት ሌሊት ጉዞ ብቻ እየሄደ ከ5,000 ሰው በላይ ይይዛል፣ የዲዝኒዎቹም አሉ፣ እነሱ ግን ዋጋቸው ሌላ ነው። ማታ ተነስታችሁ ጠዋት ባሃማስ ናችሁ፣ ውሃው ሞቃት፣ መወዛወዙም በጣም ትንሽ፣ እናቴ ያለ መድሃኒት ነው የሄደችው።

ሂሳቡን እናስላ

ሁለቱም ጉዞ ከስራ የሚበሉት 5 ቀን ነው። ከባልቲሞር 7 ሌሊት እሁድ ወጥቶ እሁድ መመለስ፣ ከካናቬራል ደግሞ ቅዳሜ ወጥቶ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤት መግባት።

መንገዱ የሚጨምረው ይሄንን ነው፦ ደርሶ መልስ 1,700 ማይል፣ መኪናችሁ በጋሎን 25 ማይል ቢሄድ 68 ጋሎን፣ በ3 ዶላር ከሩብ ቢሰላ 221 ዶላር። ሶስት ሌሊት ሆቴል በ150 ቢያዝ 450። ወደቡ ላይ ፓርኪንግ በቀን 20 ዶላር አካባቢ ነው፣ ሲያስከፍሉ የገባችሁበትንም የወጣችሁበትንም ስለሚቆጥሩ አራት ሌሊት ማለት አምስት ቀን ነው፣ 100 ዶላር። ሲደመር 770 አካባቢ። ከዛ ላይ ቀንሱ፦ መርከቡ ላይ ቲፕ በሰው በቀን በግድ የሚባል ነገር ነው፣ በ17 ዶላር ብናስበው ለስድስት ሰው አራት ሌሊት 408፣ ሰባት ሌሊት 714። ባልቲሞርም ፓርኪንግ አለ፣ ያውም ለስምንት ቀን። የሶስት ሌሊት ካቢን ልዩነትም አለ። በኛ ሂሳብ መጨረሻ ላይ እኩል ነው የመጡት፣ ስለዚህ ጥያቄው ብር ሳይሆን ያንን ሶስት ሌሊት ባህር ላይ ነው ወይስ ሳቫናና ሴንት ኦገስቲን ማሳለፍ የምትፈልጉት የሚለው ነው። እኔ መልሴን ነግሬያችኋለሁ።

ካቢን ለስድስት ሰው ሁለት ያዙ። ሁለቱንም ባልኮኒ ማድረግ አያስፈልግም፣ አንዱን ባልኮኒ፣ ፊት ለፊቱ ኮሪደሩን ተሻግሮ ያለውን መስኮት የሌለውን ስትይዙ ብዙ ይረክሳል፣ እናቴና ትልቋ ልጄ እዛ ተኙ፣ ቀን ላይ ሁላችንም ባልኮኒው ላይ ነን። ቡክ ስታደርጉ በየካቢኑ አንድ አዋቂ መመዝገብ አለበት። ስለ ትንንሾቹ ደግሞ፣ ከ6 ወር በታች ህፃን አያስገቡም፣ 24 ሳምንት የደረሰች እርጉዝም እንደዛው፣ ዳይፐር ያለው ልጅ ትልቁ ገንዳ ውስጥ አይገባም። የልጆች መዋያው ነፃ ነው ግን የሮያል ካሪቢያን ድርጅት 3 አመት የሞላውና ሽንት ቤት የለመደ ይላል፣ የካርኒቫል ከ2 አመት ጀምሮ ይቀበላል። ልጃችሁ ገና ዳይፐር ላይ ከሆነ ይሄ አንድ ነገር ብቻ የድርጅት ምርጫችሁን ሊወስነው ይገባል።

ማያሚ ከካናቬራል 200 ማይል በላይ ይርቃል፣ ሄዶ መምጣቱ አንድ ቀን ይበላል፣ እዛ ዘመድ ከሌላችሁ አያስፈልግም። ጃክሰንቪል ቅርብ ነው ግን እዛም ድልድይ አለ፣ መርከቡም ትንሽ ነው። አውቶ ትሬይን የሚባለው ግን ይታሰብበት፣ ሎርተን ቨርጂኒያ ላይ መኪናችሁን ባቡሩ ላይ ይጭኑታል፣ ከሰአት በኋላ ተነስቶ ሌሊቱን ሄዶ ጠዋት ሳንፎርድ ፍሎሪዳ ያወርዳችኋል፣ ከዛ ወደቡ አንድ ሰአት ነው። መንዳት ለማይወድ ወይ ብቻዋን ልጆች ይዛ ለምትሄድ እናት በጣም ጥሩ ነው፣ ለስድስት ሰውና ለመኪና ሰመር ላይ ዋጋው ግን ከመንዳቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ መሃል ላይም መውረድ የለም።

ወረቀት፣ እባካችሁ ይሄን ሳታነቡ ዲፖዚት እንዳትከፍሉ

በ1886 የወጣ ህግ አለ፣ የሌላ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ፣ ትልልቆቹ ክሩዞች ከጥቂቱ በቀር እንደዛ ናቸው፣ ሌላ አገር ሳይነካ ተሳፋሪ ከአሜሪካ አሜሪካ ማጓጓዝ አይችልም። ባሃማስ ሁሌ የሚገባበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ለኛ ሰው ትርጉሙ ምንድነው፣ ክሩዝ ማለት ለአራት ቀን ቢሆንም ከአሜሪካ መውጣት ነው። አሳይለም ጠይቆ ኬዙ ያላለቀለት ሰው አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ ቀድሞ የሚወጣ ፈቃድ) ሳይዝ መርከብ ላይ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። የአራት ቀን መዝናኛ የብዙ አመት ጥበቃን ሊያሳጣ ነው ማለት ነው። አሳይለም የተፈቀደለትም ትራቭል ዶክመንቱን ይያዝ። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ያለው ሰው ጠበቃውን ሳይጠይቅ አይሂድ። ለነዚህ ቤተሰቦች የኔ ምክር ግልጽ ነው፣ ዘንድሮ ሮድ ትሪፑን ብቻ ሂዱ፣ ሳቫናም ኮኮዋ ቢችም የትም አይሄዱም፣ መርከቡ ወረቀቱ ሲያልቅ ይደረስበታል።

ዜጎች ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወጥተው እዛው በሚመለስ ጉዞ ላይ በልደት ሰርተፍኬት ወይ በናቹራላይዜሽን ሰርተፍኬትና ፎቶ ባለው መታወቂያ መሄድ ይችላሉ፣ ከ16 አመት በታች ልጅ በልደት ሰርተፍኬቱ ብቻ። እኔ ግን ለሁሉም ፓስፖርት አውጡ እላለሁ፣ ባሃማስ ናሶ ላይ አንዱ ታሞ ሆስፒታል ቢገባና መርከቡ ቢሄድ በአውሮፕላን የሚመለሰው በፓስፖርት ነው። ግሪን ካርድ ያላቸው ካርዱንና ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውን አብረው ይያዙ። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናት አባት ካሉ ቪዛቸው መልቲፕል መሆኑን እዩ፣ መርከቡ የሚነካው አገር ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ምን እንደሚጠይቅም ከመክፈላችሁ በፊት ድርጅቱን ጠይቁ፣ መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ።

የስማችን ነገር ደግሞ አለ። እኔ ያባቴን ስም ነው የያዝኩት፣ ልጆቼ ያባታቸውን፣ ወረቀት ላይ የማንገናኝ ሰዎች ነን። አንድ ጓደኛዬ ባሏ ስራ ላይ ሆኖ ሁለት ልጆቿን ይዛ ስትሄድ ላስት ኔማችሁ ለምን አይገጥምም ተብላ መግቢያው ላይ ወደ ጎን ቁሚ ተባለች፣ ትንሿ ልጅ እናቷ የተያዘች መስሏት እያለቀሰች ነበር። የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ሰርተፍኬት፣ አንዱ ወላጅ ከሌለ ደግሞ ኖተራይዝ የተደረገ የፈቃድ ደብዳቤ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጋችሁ በእጅ ያዙ፣ ሻንጣ ውስጥ አይደለም፣ ሻንጣው ወደቡ ላይ ተወስዶ ካቢን የሚመጣው ማታ ነው።

መቼ፣ እና ምግቡስ

ለኛ ቤት ቀኑን የሚወስነው የእናቴ ጾም ነው። የሰኔ ጾም ጁላይ 11 ያልቃል፣ ጁላይ 12 ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው፣ ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል። ስለዚህ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ያለችዋ ጊዜ ናት የኛ፣ ደግነቱ የጁላይ 4 ውድ ሳምንትም ያልፋል፣ የሀሪኬን ወቅቱ ጁን 1 ቢጀምርም የሚብሰው ከኦገስት አጋማሽ በኋላ ነው። ረቡዕና አርብ ግን መርከብም ላይ አለ፣ ለዛ መፍትሄው የህንድ ምግብ ነው፣ እራት ቤቱን ከአንድ ቀን በፊት ወተትና ቅቤ የሌለበት አድርጉልን ስትሉ ምስሩንም ሽምብራውንም ይሰራሉ፣ እናቴ ቃሪያ ጨምራ በላችው። ሃላል የምትፈልጉም ቡክ ስታደርጉ አስመዝግቡ፣ ከገቡ በኋላ ማግኘቱ ይከብዳል።

ቤት የተሰራ ምግብ መርከቡ ላይ አያስገቡም፣ ስለዚህ ቋንጣ ፍርፍሩም ድፎውም ወደቡ ሳትደርሱ ይለቅ፣ ታሽጎ የተገዛ ቆሎ ግን ችግር የለውም። ምድጃ፣ የውሃ ማፍያ፣ ካውያ፣ ሻማ፣ እጣን ብዙዎቹ ድርጅቶች ይከለክላሉ፣ ካገኙት ወስደው አስቀምጠው ስትወርዱ ነው የሚመልሱት፣ ስለዚህ ጀበናው መኪናው ውስጥ ይቅር።

የመመለሻው አርብ ሻንጣችሁን ራሳችሁ እየጎተታችሁ የምትወርዱ ከሆነ 2 ሰአት ተኩል አካባቢ መኪናችሁ ጋ ናችሁ። በዛው ቀን ዲሲ ለመግባት አትንዱ፣ ፍሎረንስ ድረስ ሰባት ሰአት ነው፣ እዛ እደሩ። እኛ ዘንድሮም ፍሎረንስ ይዘናል፣ እናቴ ደግሞ ለሬስት ኤሪያው ሁለተኛ ፔርሙዝ ግዙልኝ ብላናለች።